የእርቅ መልእክተኞች በጋፋት

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ስሙን ያልሰማ ተማሪ አይገኝም፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራው በዚህ ስፍራ ነውና። የመድፉ ምስል አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ እውነተኛው ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይታያል።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ባስተማርሁ ቍጥር ከተማሪዎቼ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ክብደቱ ስንት ነበር? እንዴት አድርገው ጐተቱት? መልሱ አያስቸግርም። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር፤ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስም ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ በሰው ጕልበት ተጐትቷል። (ዘመኑን የምጽፈው፣ የአውሮፓ ነው ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፣ በኛ አቈጣጠር ነው።) ነገር ግን ከተማሪዎቼ አንዱም እስከ ዛሬ ያልጠየቀኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ያን መድፍ የሠሩት ፈረንጆች መጀመሪያውኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለምን ነበር?

የመጡት መድፍ ለመሥራት አልነበረም። የመጡት ሰውን ከእግዚአብሔር ጋራ ታረቅ ብለው ለመለመን ነበር።

ነገሩ እንዴት ወደዚያ እንደ ደረሰ ከመናገሬ በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት ላንሣ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 5፣ ራሱንና ባልንጀሮቹን በክርስቶስ ስም የተላኩ መልእክተኞች ያደርጋቸዋል፤ የተላኩበትንም ጕዳይ ሲገልጽ እርቅ ነው ይላል። መልእክተኝነትን ለማመልከት የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ሥሩ ሽማግሌ ከሚለው ቃል ጋራ አንድ ነው። በጥንቱ የግሪክ አገር ከከተማ ወደ ከተማ ለስምምነት የሚላከው ሰው በዕድሜ የገፋ፣ የተከበረ ሰው ስለ ነበረ ነው። በግዕዝም ተንባል ሲባል መልእክተኛም ነው፣ አማላጅም ነው። እንግዲህ ይህን ነገር ለአንድ የፋርጣ ወይም የእስቴ ገበሬ ብታስረዱት አዲስ ነገር ነገራችሁኝ አይልም። ሽማግሌ ላከ ማለት በአማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

እስቲ በደጋው አገር የሚደረገውን እንመልከት። ሰው በሰው እጅ ሲሞት ጠቡ በሁለቱ ሰዎች መካከል ብቻ አይቀርም። የሟች ወንድም፣ የሟች ልጅ፣ አንዳንዴም ያኔ ገና ያልተወለደ የወንድም ልጅ ደም መላሽ ሆኖ ይነሣል። የገዳይም ዘመድ እንደ ገዳዩ ሁሉ ይፈራል፤ ገበያ መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ በበዓል ቀን ከታቦቱ ኋላ መሄድ ጭንቅ ይሆንበታል። መንግሥት ገዳዩን ይዞ ቢያስረውም ደሙ አልደረቀም ይባላል። ፍርድ ቤት የሚፈርደው ቅጣትን ነው እንጂ እርቅን አይደለምና።

በዚህ ጊዜ ሽማግሎችና ካህናት ይነሣሉ። የሚሄዱት ወደ በደለኛው ሳይሆን ወደ ተበደለው ቤት ነው። አንድ ጊዜ ሄደው አይሆንላቸውም፤ ይመለሳሉ፤ ይሰደባሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። ካህኑ መስቀሉን ይዞ ይቆማል። ነገሩ ከተቃና ዘንድ በደለኛው በጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። ካሳውም ይቈረጣል። የመጨረሻው ቃል ግን ካሳው አይደለም። የመጨረሻው ቃል «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ነው።

ይህን አነጋገር ልብ በሉልኝ። ሽማግሌው ለኔ ሲሉ ይማሩት አይልም፤ ለሟች ነፍስ ሲሉ ብቻም አይልም። በተበደለው ሰው ፊት እግዚአብሔርን ራሱን አቅርቦ፣ የሚለምንዎ እርሱ ነው ይለዋል። ጳውሎስ ስለ መልእክተኛ የተናገረው ከዚህ አይርቅም። ደግሞም ነገሩ ወዲያና ወዲህ የተያያዘ ነው። የነፍስ አባት ንስሐ ሲሰጥ ከማን ጋራ ተጣልተሃል ብሎ ይጠይቃል፤ ከወንድሙ ያልታረቀ ሰው ሥጋ ወደሙን ሊቀበል አይቀርብም። ከእግዚአብሔር ጋራ መታረቅና ከጐረቤት ጋራ መታረቅ በአንድ በር የሚገባባቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው ማለት ነው። ስለ ሃይማኖት ከፍ ያለ መጽሐፍ ከማንበባችን በፊት ይህን ከአያቶቻችን ብንሰማ ብዙ ልፋት ይቀርልን ነበር እላለሁ።

ደግሞም ሕዝቡ ሽማግሌውን ከጥንት ጀምሮ የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን አለው። ከሁለቱ ወገን በአንዱ ያልታመነ ሽማግሌ አይባልም። ከጠቡ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ቢሆንማ ደላላ ነው። በዚህ ሚዛን የጋፋትን ሰዎች እንመዝናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት በትውልዱ የስዊስ ሰው ሲሆን በ1822 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ጎንደር ድረስ ገብቶ ነበር፤ በኋላም የኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። በዚያን ጊዜ የጎጃሙ ሰው አቡ ሩሚ በካይሮ ሳለ በብዙ ድካም የተረጐመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዞች እጅ ገብቶ ይታተም ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ የወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ነው። ጎባት ኢየሩሳሌም ሆኖ ያሰበው ነገር ብልሃት ያለው ነበር። ካህን ሆኖ የሚሄድ ፈረንጅ ከኢትዮጵያ ካህናት ጋራ በክርክር ይጠመዳል፤ ስለዚህ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ምእመናን ይሂዱ፤ በእጃቸው ይሥሩ፤ መጽሐፉንም ይስጡ፤ በኑሮአቸው ይስበኩ አለ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ቅዱስ ክሪሾና የተባለ ቤት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ነበረ።

በ1847 ዓ.ም. ክራፕፍና ዮሐን ማርቲን ፍላድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ንጉሡ ዘውድ ከጫኑ ገና ወራት ነበር። የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ይመጣሉ ሲባል ደስ አላቸው። አቡነ ሰላማም ራሳቸው በካይሮ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ነበሩ አልከለከሉም። ቤተ እስራኤል እንዲሰበኩ በኋላ ሲፈቀድም አንድ ግዴታ ተጨመረበት፤ አምኖ የሚጠመቅ ሁሉ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቃል እንጂ ለብቻው ሌላ ቤተ ክርስቲያን አይቆምም ተባለ። ግዴታው እጅግ አስተዋይነት ያለበት ይመስለኛል። እርቅን እሰብካለሁ ብሎ የመጣ ሰው አዲስ መለያየት ጥሎ እንዳይሄድ አስቀድሞ በሩን የሚዘጋ ነውና።

ፍላድና ባልንጀሮቹ ገቡ፤ በ1851 ዓ.ም. ደግሞ ቴዎፊል ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ በሣጥን ሙሉ ባቀረቡ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ባሩድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አሉ እየተባለ ይተረካል። ተባለም አልተባለም የንጉሡን አሳብ ይገልጻል። አገሪቱ በመሳፍንት ተከፋፍላ የኖረች፣ ዳር ዳሯን ግብፆችና ቱርኮች የሚመለከቷት ነበረች። ንጉሡ ከአውሮፓ የፈለጉት ስብከት ሳይሆን ጥበብ ነበር። ስብከቱማ በአገሩ ሞልቷል። ደብረ ታቦር የቆመችው የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ በሚገኙበት አገር መሆኑን አንርሳ።

ሠራተኞቹ በጋፋት ሰፈሩ። መንገድ ሠሩ፣ ሠረገላ ሠሩ፣ ጠመንጃ ጠገኑ። ሌሎችም የእጅ ሥራ የሚያውቁ ፈረንጆች ተጨመሩባቸው። በኋላ ንጉሡ መድፍ አቅልጣችሁ አውጡልኝ አሏቸው። አናውቅም አሉ። ንጉሡም አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው፤ ካልሞከራችሁ አይፈቱም ተባለ። ሞከሩ፤ መጀመሪያ አልሆነም፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ሆነ። ንጉሡ እጅግ ደስ ብሏቸው ሸለሟቸው። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው መድፍ መጠኑ እያደገ ሄደ፤ እስከ ሴባስቶፖልም ደረሰ።

በነዚህ ሰዎች ላይ ለመፍረድ የሚቸኵሉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ወንጌል ይዘው መጥተው መድፍ ሠሩ ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። አሽከሩ በሰንሰለት ታስሮበት በፊቱ የቆመ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ቫልድማየር ንጉሡን ከልቡ ይወድ ነበር፤ ሚስቱም ለቴዎድሮስ ሲዋጋ የሞተው የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ ነበረች። ስለዚህ ግብዞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ከገበሬው ወገን ሆነን ብንመለከተው ሌላ ነገር ይታየናል። የሽማግሌው ሚዛን አሳብህ ምን ነበር ብሎ አይጠይቅም፤ ከጠቡ ምን አገኘህ ብሎ ይጠይቃል። የመድፉ አፍ የሚዞርበት ሰው፣ ያን መድፍ የሠራውንና ስለሠራውም የተሸለመውን እጅ የእርቅ እጅ ነው ብሎ ሊጨብጠው አይችልም። መልእክቱ እውነት ነበር፤ መልእክተኛው ግን ከሁለቱ በአንዱ ወገን ቆሞ ተገኘ።

በሌላ መንገድ የተሰናከለም ነበር። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ መድፍ አልሠራም። እርሱን የጣለው ብዕሩ ነው። ቤተ እስራኤልን ሊሰብክ መጥቶ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ጕዞው በጻፈው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ትሸጥ ነበር የሚለውን ወሬ አሳተመው። ሁለተኛ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት ቀረበ፤ ሁለት አሽከሮቹ በፊቱ በዱላ ሲደበደቡ በድንጋጤ እጁን ወደ አፉ ቢያደርግ ዛቻ ነው ተባለና እርሱም ታሰረ። አሽከሮቹ ሞቱ። በኋላም ወረቀቱ ሲመረመር ስለ ንጉሡ የጻፈው ሁሉ ተገኘበት። ቅጣቱ ጭካኔ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም የሰውን እናት የሚያዋርድ ወረቀት በጓዙ ውስጥ የያዘ ሰው፣ ከእግዚአብሔር ጋራ ታረቁ ሲል የሚሰማው ጆሮ ከየት ያገኛል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ ዛሬ በየወረዳው ቢሮ ጠረጴዛ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ፣ ወይም ነገ የምትቀመጡ ናችሁ። አንድ ሽማግሌ አርባ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጕዘው ማመልከቻ ይዘው ሲመጡ የሚያዩት ሚኒስትሩን አይደለም፤ የሚያዩት እናንተን ነው። ነገ ይመለሱ ስትሏቸው መንግሥት ነገ ተመለስ አለኝ ብለው ይሄዳሉ። መልእክተኛ የላከውን ሰው ፊት ለብሶ ይቆማል፤ ይህን ከማንም ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ሁሉ፣ ሰበከም አልሰበከ፣ በጐረቤቱ ዘንድ እንዲሁ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ፍላድ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ አጡ። ስለዚህ የእንግሊዝን ቆንሲል ካሜሮንንና ሌሎችንም አሰሩ። መልስ ይዞ የመጣው ረሳም ደግሞ በተራው ተያዘ። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፍላድን ጠርተው ወደ እንግሊዝ ሂድ፣ የእጅ ሠራተኞች አምጣልኝ አሉት። ሚስቱ ጳውሊናና ልጆቹ ግን በመያዣነት ቀሩ።

ፍላድ ሄደ። ለንደን ደረሰ፣ ከንግሥቲቱም ፊት ቀረበ። የተሰጠው መልስ ንጉሡ የፈለጉት አልነበረም። ሠራተኞቹ ከነመሣሪያቸው ምጽዋ ድረስ ይመጣሉ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ከዚያ አያልፉም የሚል ነበር። ይህን ቃል ይዞ ወደ ተቈጣ ንጉሥ መመለስ ምን ማለት እንደ ሆነ ፍላድ ያውቃል፤ ስተርን ምን እንደ ደረሰበት አይቷልና። ሆኖም በ1859 ዓ.ም. ተመለሰ፤ የተላከውንም ሳያለሳልስ ተናገረ፤ እስረኞቹ ካልተለቀቁ ጦር ይመጣል አለ። ከዚያ በኋላ እርሱም እንደ ሌሎቹ እስረኛ ሆነ።

የተመለሰው ለሚስቱና ለልጆቹ ሲል ነው እንጂ ለሌላ ነገር አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን፤ ይህ ነገሩን የሚያሳንሰው አይመስለኝም። ለሚስቱና ለልጆቹ የማይመለስ ሰው ለማን ይታመናል? የሚያስደንቀውስ መመለሱ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ሳይለውጥ መመለሱ ነው። ንጉሡን ደስ የሚያሰኝ ነገር ጨምሮ ራሱን ለማዳን ይችል ነበር። ከሁለቱ ወገን የአንዱንም ቃል አላጣመመም። የደጋ ሽማግሎች ቢሰሙት ይህ ሽማግሌ ነው ይሉት ነበር።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። የእንግሊዝም ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ከባሕሩ ወገን እየመጣ ነበር። ሁለቱ የተገናኙት ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ያውም ስቅለት። በዚያ ዓመት ፋሲካ በእኛም በአውሮፓውያንም ዘንድ በአንድ ቀን ስለ ዋለ ሁለቱም ወገን ስቅለትን የሚያውቅ ጦር ነበር፤ ሁለቱም ተኰሱ። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ቀን ወደቁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ንጉሡ ፍላድን ከእንግሊዛዊው እስረኛ ከፕሪዶ ጋራ አድርገው ወደ ናፒየር ሰፈር ላኩ። ደጃዝማች ዓለሜም አብረው ሄዱ። ያን ቅዳሜ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ፤ ቀዳም ሥዑር ነው። ካህናቱ ለምለም ቄጤማ ይዘው ለምእመናን የሚያድሉበት፣ የኖኅ ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ የጥፋት ውሃ መጕደሉን እንዳበሠረች ሁሉ፣ እነርሱም በክርስቶስ መስቀል በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ሰላም ሆነ ብለው የሚያበሥሩበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ፍላድ ትናንት የሞቱት ሳይቀበሩ ባሉበት ሜዳ ዳር ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። ናፒየር ንጉሡ እጃቸውን ይስጡ አለ። ንጉሡ መልሱን ሲሰሙ ተቈጥተው ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኞቹም ያንን ይዘው ደግመው ወረዱ። እርቁ አልሆነም። ይሁን እንጂ ከዚያ መመላለስ በኋላ ቅዳሜ ማታና እሑድ እስረኞቹና የጋፋት ሠራተኞች ከነቤተ ሰባቸው ተለቀቁ። በፋሲካ ዕለት ንጉሡ ለእንግሊዝ ሰፈር ለበዓሉ የሚሆን ላምና በግ ላኩ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተወረረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ።

ሴባስቶፖል በመቅደላ ሳይጠቅም ቀረ። የጋፋት ሰዎችም ከጦሩ ጋራ ከአገር ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ከዚያም አእምሮአቸው ለታወከ ሰዎች ሆስፒታል ለመትከል ብዙ ደከመ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በየስፍራው በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ሰንሰለትን በኢትዮጵያ ያየ ሰው ይህን ሥራ መምረጡ እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ፍላድ ደግሞ አገሩን ጀርመንን መኖሪያው አድርጎ እስከ ሞተበት እስከ 1907 ዓ.ም. ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ማሰቡን አልተወም። ዐፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ስላልፈቀዱ ራሱ ተመልሶ ለመኖር አልቻለም፤ ስለዚህ የአማርኛ መጻሕፍትን በምጽዋ በኩል ይልክ ነበር። መልእክቱንም የያዙት ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ከነዚህ ዋናው ሚካኤል አረጋዊ ነው። በልጅነቱ ፍላድ ያሳደገው፣ በቅዱስ ክሪሾና የተማረ፣ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል የተሠራውን ሥራ የመራ ሰው ነው። መድፍ የሚያሠራው ንጉሥ አልነበረም፤ የሚጠብቀውም ቆንሲል አልነበረም። የሚናገረው በአገሩ ቋንቋ፣ የሚያነበው አቡ ሩሚ የተረጐመውን መጽሐፍ ነበር።